ክፉ ቀን በዘመን ርቀት ሲታይ



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ሰው በዕድሜው ያሳለፈው የመከራ ቀን ዘመን በራቀው መጠን ምሬቱ እየቀለለ የሚሄደው ስለ ምን ነው የሚል ነው፤ ይህም ነገር ሲሰሙት ቀላል፣ ሲመረምሩት ግን ከባድ ስለሆነ፣ ከባሕር ማዶ ፈላስፎች ቃል አስቀድሜ ከራሳችን አገር ልማድና ታሪክ መነሣትን መረጥሁ፤ ሕዝባችን ክፉ ቀንን በብዛት ያየ ብቻ ሳይሆን፣ ያየውን ክፉ ቀን የሚያስታውስበትን ሥርዓትም ለራሱ ያበጀ ሕዝብ ነውና።

በየዓመቱ በኅዳር ወር፣ የሊቀ መላእክት የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚውልበት በ12ኛው ቀን፣ የአዲስ አበባ ሰው ግቢውን ጠርጎ፣ ጉድፉን ከየደጁ አከማችቶ እሳት ሲለኩስበት፣ ጭሱም ከየሰፈሩ ተነሥቶ ከተማይቱን እንደ ጉም ሲያለብሳት፣ ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ሲሯሯጡና ሲዘሉ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ስሙንም «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ጭሱ አየሩን ይበክላል ብለው የሚከራከሩ ሰዎች እውነት አላቸው፤ የእኔ ጉዳይ ግን ከጭሱ በስተኋላ ካለው ነገር ላይ ነው። ያ እሳት መጀመሪያ የተለኮሰው ለጨዋታ አልነበረም። በ1911 ዓ.ም. በዚሁ በኅዳር ወር፣ በአውሮፓ የተደረገው ታላቅ ጦርነት ባበቃበት ሰሞን፣ ዓለም የስፔን ኢንፍሉዌንዛ ያለው፣ እኛ ግን የኅዳር በሽታ ያልነው ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገብቶ፣ በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10,000 የሚደርስ ሕዝብ እንደጨረሰ ይገመታል፤ በዚያ ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በበሽታው ተይዘው ከሞት አፋፍ የተመለሱ ናቸው፤ ሐኪሙ ጥቂት፣ መድኃኒቱ ከናካቴው ያልታወቀ ስለነበረ፣ ቀባሪው ከተቀባሪው ጋር አብሮ የሚወድቅበት ቀን ነበረ። እንግዲህ ሕፃናት የሚዘሉበት የዛሬው እሳት የዚያ እልቂት መታሰቢያ መሆኑን ልብ በሉ። አያት አልቅሶ የለኮሰውን የልጅ ልጅ እየሳቀ ይዘለዋል።

በልጅነቴ በሰፈራችን ያንን ወረርሽኝ በዓይናቸው ያዩ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ እኛም ልጆች ማታ ማታ ከምድጃቸው ዳር ተሰብስበን «እማማ፣ የኅዳሩን ይንገሩን» እያልን እናስቸግራቸው ነበር። እርሳቸውም እናታቸው ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ እየደቆሱ ቤተ ሰቡን ሁሉ በግድ እንዴት ያበሉ እንደነበረ፣ ሽታውን ሸሽቶ ከቆጥ ላይ የተደበቀው አጎታቸው እንዴት ተጎትቶ እንደወረደ፣ በሬ ወለደ የሚያሰኝ እስኪሆን ድረስ እያሳመሩ ይተርኩልን ነበር፤ እኛም በሳቅ እንፈርሳለን፣ እርሳቸውም ይስቃሉ። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን፣ በዚያው ሰሞን ሁለት ወንድሞቻቸው መሞታቸውን ስማቸውን ጠርተው በአንዲት ዐረፍተ ነገር ይናገሩና፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ይመለሱ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ ነገር አላስደነቀኝም። ዛሬ ሳስበው ግን ዘመን በሰው ልቡና ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳኝ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ወንድሞቻቸው ከልባቸው አልጠፉም፤ የተለወጠው የትረካው መጠን ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ታሪኩ ሁሉ የወንድሞቻቸው ሞት ብቻ እንደነበረና ነጭ ሽንኩርቱ ለመነገር እንኳ የማይበቃ ተራ ነገር እንደነበረ እገምታለሁ፤ ዕድሜ በሄደ ቁጥር ትንሹ ነገር እያደገ፣ ትልቁ ነገር ደግሞ እያጠረ ሄዶ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ሊሸከመው በሚችለው መጠን ተስተካከለ።

ከዚያም በፊት የነበረውን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሩን ያራቆተውን ታላቁን ክፉ ቀን ብናይ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ለኢጣልያ ጦር ተብለው በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ አብዛኛውን ፈጅቶ፣ ገበሬው የሚያርስበት አጥቶ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እስኪቆፍሩ ድረስ የደረሰበት ያ ዘመን፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ የዕድሜ መቁጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ ሽማግሌው «ከክፉ ቀን በፊት የተወለድሁ ነኝ» ሲል፣ ስለ ረኃቡ ሳይሆን ስለ ዕድሜው ነበር የሚናገረው።

አሁን ደግሞ የውጭ አገር ሊቃውንት ያሉትን በአጭሩ እንይ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እያጠና፣ ያጠናውም ነገር ከስንት ጊዜ በኋላ ምን ያህል እንደሚቀርለት በራሱ ላይ እየፈተነ፣ መርሳት በመጀመሪያ እጅግ ፈጣን፣ ኋላ ግን እየዘገየ የሚሄድ መሆኑን አሳየ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የድካሙ ውጤት ጠፍቶ ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን አምስተኛው ያህል ገና አልጠፋም ነበር። ይህ ሥራ ታላቅ ቢሆንም፣ ትርጉም የሌለው ቃልና የእናት ሞት አንድ ስላልሆኑ፣ ለእኛ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ጥቂት ነው። ከእርሱ ይልቅ የሚጠቅመን የካምብሪጁ ፍሬድሪክ ባርትሌት ነው፤ እርሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ባወጣው መጽሐፍ፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አንባቢዎች እየሰጠ፣ በየጊዜው ደግሞ እንዲያወሩት እያደረገ፣ ታሪኩ በተደጋገመ ቁጥር እያጠረና የተራኪውን አገር ልማድ እየመሰለ እንደሚሄድ አስረዳ፤ ስለዚህም ማስታወስ ማለት ከጎተራ የተከተተውን እህል እንዳለ ማውጣት ሳይሆን፣ በየጊዜው አዲስ ሥራ መሥራት መሆኑ ታወቀ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም፣ የዕለት ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎችን እየተከታተሉ፣ የደስታው ትዝታ ከደስታው ጋር ብዙ ጊዜ ሲቆይ፣ የኃዘኑ ትዝታ ግን ከኃዘኑ ቶሎ እንደሚለይ አገኙ፤ ከዚህም ጋር ሁለት ነገር ጨመሩ፦ አንደኛው፣ መከራውን ለሌላ ሰው ያወራ ሰው ምሬቱ ቶሎ እንደሚቀልለት፤ ሁለተኛው፣ ልቡ በጽኑ ትካዜ የተያዘ ሰው ይህ ጸጋ እንደሚጎድለው ነው።

የመጀመሪያውን ነገር አባቶቻችን እንበለ ጥናት ያውቁት ነበር ብል ራስን ማመስገን አይሁንብኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሰው በሞተ ጊዜ ሰልስት አለ፤ ሰባት አለ፤ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ አለ፤ መንፈቅና ሙት ዓመት ይከተላሉ። ይህን ሁሉ ዕለት ለሟቹ ነፍስ ምሕረት መለመኛ አድርገን እናውቀዋለን፤ እውነትም ነው፤ ነገር ግን የቀኖቹን አወጣጥ ልብ ብሎ ላየው ሰው፣ በመጀመሪያ ተቀራርበው፣ ኋላም እየተራራቁ የሚሄዱ ናቸው፤ ኃዘንተኛው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻውን አይተውም፤ በወሩ ይጎበኛል፤ በመንፈቁ ይታሰባል፤ ዓመቱ ሲሞላ ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ፣ ተዝካሩ ወጥቶ፣ ከል ይወልቃል። ኤቢንግሃውስ በሠንጠረዥ ያሳየው፣ መጀመሪያ ፈጥኖ ኋላ እየዘገየ የሚሄድ መንገድ፣ በእኛ ዘንድ በድንኳንና በንፍሮ፣ በእድርና በለቅሶ መድረስ ሲሠራበት የኖረ ነው። በእስልምናም ሥርዓት የሦስት ቀን ኃዘን፣ ለባሏ ለምታዝን ሴት ደግሞ የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ መወሰኑ፣ ኃዘን ልክና ዳርቻ እንዲኖረው የሚያደርግ ጥበብ መሆኑ የታወቀ ነው።

በዚህ ምክንያት «ጊዜ ሁሉን ይፈውሳል» እያሉ ኃዘንተኛን በዚህች ቃል ብቻ የሚሸኙ ሰዎችን ነገር አልወድም። ጊዜ ብቻውን ምንም አይሠራም። ጌሾ ማሩ ከተበረዘበት ጋን ውስጥ ስለ ቆየ ብቻ ጠጅ አይሆንም፤ ቀኑን ቆጥሮ የሚያወጣው፣ የሚያጠልለው፣ ጋኑን የሚያጥነው እጅ ያስፈልገዋል፤ ተረስቶ ከቀረ ሁሉንም ያመርረዋል። መከራውን የሚያወራለት ያጣ፣ ወይም እንዳያወራ የተከለከለ ሰው፣ ሃምሳ ዓመት ቢያልፍበት ምሬቱ እንደ ትናንት ይሆናል፤ በቀይ ሽብር ዘመን ልጃቸው ከደጅ ወድቆ አድሮ አታልቅሱ የተባሉ እናቶችን ያየ ሰው፣ ይህን ነገር ማስረዳት አያሻውም።

ስለ መከራ መታሰቢያ ስናገር ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ባለው በዘመነ ጽጌ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን ከልጅዋ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ ታስባለች፤ በኅዳር 6 ቀንም የቁስቋም በዓል ይከበራል። ሄሮድስ ሕፃናትን ሲያስገድል፣ አንዲት ድንግል ልጅዋን ታቅፋ በረሃ ለበረሃ መንከራተትዋ፣ ረኃቡ፣ ጥሙ፣ የወንበዴው ፍርሃት፣ ይህ ሁሉ እጅግ አሳዛኝ ታሪክ ነው፤ ሊቃውንቱ ግን ይህን የስደት ነገር የሚያስቡበትን ጊዜ ሲወስኑ፣ ክረምቱ አልፎ ምድር በአደይ አበባ የምትሸፈንበትን ወራት መረጡ፤ ሌሊቱንም በማኅሌተ ጽጌ፣ ከዓመቱ ዜማ ሁሉ እጅግ ጣፋጭ በሆነው ዜማ፣ እመቤታችንን ከአበባ፣ ልጅዋን ከፍሬ እያመሳሰሉ ሲያመሰግኑ ያድራሉ። ስደቱን አልካዱም፤ ዕንባዋንም አልደበቁም፤ ይሁን እንጂ ዕንባው በአበባ መካከል እንዲወርድ አደረጉ። ስለ ትዝታ ዜማ እንድናገር የጠበቃችሁ ብትኖሩ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በዚህ ስም መጠራቱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ያ ዜማ የሚያዝነው ስላለፈ ፍቅር ነው፤ ያለፈን መከራ ወደ ጣዕም መለወጥ የጽጌ ሥራ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት የነገሩን መልካም ወገን ነው። ሌላ ወገን ደግሞ አለው።

በኦሪት ዘኍልቍ በ11ኛው ምዕራፍ እንደተጻፈው፣ እስራኤል ከግብፅ ባርነት ወጥተው ገና ብዙ ሳይርቁ፣ በምድረ በዳ መና ሲሰለቻቸው፣ በግብፅ ሳሉ ይበሉት የነበረውን ዓሣና ዱባ፣ በጢኽና ሽንኩርት እያሰቡ አለቀሱ። ጡቡን አላሰቡም፤ ጅራፉን አላሰቡም፤ ወደ ወንዝ የተጣሉትን ሕፃናትም አላሰቡም። ዘመን ምሬትን ሲያለዝብ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ እውነትን አብሮ ያለዝባል፤ ሰውም ያመለጠውን ቀንበር እንደ ጌጥ ማየት ይጀምራል። እኛም አገር ቢሆን፣ ያለፈውን መንግሥት ሁሉ አዲሱ በመጣ ቁጥር የምናመሰግነው ከዚህ ጠባይ የተነሣ ይመስለኛል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ብዙ ብናገር ከርእሴ ስለምወጣ ልተወው።

ከርእሴ የማይወጣው የአምስቱ ዓመት የኢጣልያ ወረራ ነገር ነው። በልጅነታችን ሚያዝያ 27 ቀን ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ሜዳያቸውን ደርድረው የሚወጡትን አርበኞች ያወቅን ሰዎች፣ ስለ ዱር ኑሯቸው ሲያወሩ ምን ይመስሉ እንደነበረ እናስታውሳለን። ቅጠል በጥሰው፣ ሥራ ሥር ቆፍረው መብላታቸውን፣ ዝናብ ላያቸው ላይ ማደሩን፣ አንዲት ጥይት ለሦስት መካፈላቸውን ሲተርኩ ፊታቸው ይበራ ነበር፤ አንዳንዶቹም ያ ቀን እንደገና ቢመጣ የሚወዱ ይመስሉ ነበር። ይህ ስለ ምን ሆነ? በእኔ አስተያየት መከራውን ብቻቸውን አልተቀበሉትም፤ ለምን እንደሚቀበሉትም ያውቁ ነበር፤ ፍጻሜውም ድል ሆነ። ጓደኝነት፣ ዓላማና መልካም ፍጻሜ የተገኙለት መከራ ቶሎ ይለዝባል። በዚያው ዘመን ግን ይህ ዕድል ያልገጠማቸው ሌሎች ነበሩ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣልያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉበት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታዮቹ ቀኖች በአዲስ አበባ የተገደለውን ሕዝብ የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሎ አስታውቋል፤ ከሦስት ወር በኋላም፣ በግንቦት ወር፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ ግራዚያኒ ለአለቆቹ ባስተላለፈው ወሬ በመጀመሪያ 297 መነኮሳት፣ ኋላም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ራሱ ተናግሯል፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 በላይ፣ እስከ 2,000 የሚደርስ አድርጎታል። በናኩራ ደሴትና በደናኔ ወኅኒ የታጎሩትም ብዙ ናቸው። ቤታቸው በላያቸው ላይ ከተቃጠለ ሰዎች ዘመዶች መካከል ስለዚያ ቀን ፊቱ በርቶ ሲያወራ የሰማሁት ሰው የለም።

ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ? ግራዚያኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 በአገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ይህም የሆነው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያ ስላፈሰሰው ደም አይደለም፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተለቀቀ። የኢጣልያ መንግሥት በዚያ ጦርነት የመርዝ ጋዝ መጣሉን በመከላከያ ሚኒስትሩ አፍ ያመነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996፣ ማለት ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ፣ በነሐሴ ወር፣ አፊሌ በምትባል የኢጣልያ መንደር ለዚሁ ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሕንፃ ተሠርቶ ተመረቀ። ይህን ስሰማ የተሰማኝ ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ የነገሩ አካሄድ ገባኝ እንጂ። ዘመን ምሬትን ያለዘበው በእኛ ላይ ብቻ አይደለም፤ በእነርሱም ላይ አለዘበ፤ ነገር ግን የለዘበው የእነርሱ ያልሆነው ምሬት ነው።

አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። ይህን ሲሉ የተወጋ ሰው ሕመሙን ዕድሜውን ሁሉ ይሸከማል ማለታቸው አይመስለኝም፤ መወጋቱን አይረሳም ማለታቸው ነው። ሕመሙን የማስታገሥ፣ ቂሙንም የመተው ሥልጣን የተወጋው ሰው ነው፤ ባልቴቲቱ የወንድሞቻቸውን ሞት በአንድ ዐረፍተ ነገር የማሳጠር መብት ነበራቸው፤ እኔ ግን ያ መብት የለኝም፤ የታሪክ ጸሐፊም የለውም፤ መንግሥትም የለውም፤ የበደለኛው ልጅ ልጅማ ከቶ ሊኖረው አይችልም። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ የሚቃወመኝ ቢኖር ከዲስኩሩ በኋላ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

ስለዚህ ሁለት መዝገብ ያስፈልገናል። አንደኛው በልብ የሚያዘው ነው፤ እርሱን ዘመን እንደ ወደደ ያለዝበው፤ ልጆቹም በኅዳሩ እሳት ላይ ይዝለሉ፤ አልከለክላቸውም። ሁለተኛው በወረቀት የሚያዘው ነው፤ እርሱ ሊለዝብ አይገባውም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የጦርነቱን ዘመን ነገር «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ለአንባቢ ያቀረቡት ነገሩ ካለፈ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ነው፤ እርሳቸው ረጅም ዕድሜና ብዕር ስለ ተሰጣቸው ደረስንበት፤ ከእርሳቸው ጋር ከዘመቱት መካከል ስንቱ ያየውን ይዞ ወደ መቃብር እንደወረደ ግን የሚቆጥረው የለም።

የአምስቱን ዓመት ያዩት ዛሬ ከጥቂቶች በቀር አልቀውብናል። ከእነርሱ በኋላ የ1966ቱን የወሎ ረኃብ፣ ቀይ ሽብርን፣ የ1977ቱን ድርቅ፣ በየጊዜው የተደረጉትንም ጦርነቶች ያዩ ሰዎች ግን በየቤታችሁ አሉ። እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ አክስታችሁን ቀርባችሁ ጠይቁ፤ «እንዴት ነበር» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ የለዘበውን መልስ ብቻ ያመጣላችኋል። ምን በላችሁ፣ ማን ሞተ፣ የት ተቀበረ፣ ማን አስጠለላችሁ፣ ማን ከደጁ መለሳችሁ፣ ወሩ ምን ነበረ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሲስቁ አብራችሁ ሳቁ፤ ሲያጥርባቸው አታስጨንቋቸው፤ ቃላቸውን በያዛችሁት ስልክ ቅዱት፤ ዓመተ ምሕረቱንና የቦታውን ስም ጨምራችሁ በወረቀት ገልብጡት። አንዱን ቅጂ ለልጆቻችሁ አስቀምጡ፤ ሌላውን ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሩን ጽሑፍ ሲጠብቅ ለኖረው ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር አስረክቡ።